ለውሻ የሚቀርብ ጥሬ ምግብ፦ ሚዛኑ የሚጠበቀው በድርሻው ነው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚገኙ በርካታ ቤቶች ውሻ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። የምግቡን ዓይነት የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ሥጋውን ቆርጦ፣ መዝኖና በሳህን አድርጎ የማቅረቡ ኃላፊነት ግን ብዙውን ጊዜ በቤት ሠራተኞች ላይ ይወድቃል። ከእነዚህም መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ውሻቸውን በደረቅ የፋብሪካ ምግብ ፈንታ ጥሬ ሥጋ፣ አጥንትና የሆድ ዕቃ መመገብ የሚመርጡ ባለቤቶች ባሉበት ቤት፣ ሠራተኛዋ የምትቀበለው መመሪያ «ጥሬ ሥጋ ስጪው» ከሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የማያልፍ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ግን ያልተሟላ ነው። ሥጋ ብቻውን፣ ምንም ያህል ንጹሕና ውድ ቢሆን፣ ለውሻ የተሟላ ምግብ አይደለም። ድርሻው ሳይመዘን የሚቀርብ ጥሬ ምግብ የእንስሳውን አጥንት ሊያሳሳ፣ ጉበቱን ሊጎዳ፣ ከዚያም አልፎ ምግቡን በሚያዘጋጀው ሰውና በቤቱ ሕፃናት ላይ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የጥሬ ምግብ ድርሻ በምን ስሌት እንደሚወሰን፣ ከምን ከምን እንደሚውጣጣና በምን ጥንቃቄ እንደሚያዝ ያብራራል።

ክርክሩ ከየት ተነሣ?

ውሻን በጥሬ ሥጋና አጥንት መመገብ የቆየ ልማድ ነው። በዘመናዊ የቤት እንስሳት አያያዝ ውስጥ እንደ አንድ የአመጋገብ ሥርዓት የተስፋፋው ግን አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንገርስት እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ ነው። ደጋፊዎቹ ጥሬ ምግብ ለውሻ ተፈጥሮ የቀረበ እንደሆነ ይናገራሉ። በአንጻሩ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀው አቋም፣ በሙቀት ወይም በሌላ ዘዴ ጀርሙ ያልተወገደለት ከእንስሳት የሚገኝ ጥሬ ምግብ ለውሻና ለድመት እንዳይሰጥ መክሯል። የማኅበሩ ዋና ሥጋት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ለእንስሳውም ለሰውም የሚያስከትሉት ጉዳት ነው።

የትኛውን የአመጋገብ ሥርዓት መከተል እንደሚሻል መወሰን የባለቤቱና የእንስሳት ሐኪሙ ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነጥብ አለ፤ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ በቤት የሚዘጋጅ የውሻ ምግብ በግምት ሊሠራ አይገባውም።

ሥጋ ብቻውን ለምን አይበቃም?

መልሱ የሚገኘው ካልሲየምና ፎስፎረስ በተባሉት ሁለት ማዕድናት መካከል ባለው ዝምድና ነው። ሁለቱም ለአጥንት ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን በተመጣጠነ መጠን መቅረብ አለባቸው። ለአዋቂ ውሻ ካልሲየም ቢያንስ ከፎስፎረሱ ጋር እኩል፣ ቢበዛ ደግሞ የፎስፎረሱ እጥፍ ያህል ሊሆን ይገባል። በቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ምጣኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው። 500 ግራም አጥንት አልባ የበሬ ሥጋ 950 ሚሊ ግራም ያህል ፎስፎረስ ሲይዝ፣ ካልሲየሙ ከ50 ሚሊ ግራም ብዙም አይርቅም። በሌላ አነጋገር ፎስፎረሱ የካልሲየሙን 19 እጥፍ ያህል ይሆናል።

የደም ካልሲየም ሲቀንስ በአንገት አካባቢ የሚገኙት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትናንሽ እጢዎች ሰውነቱ ካልሲየምን ከራሱ አጥንት እንዲያወጣ ያዝዛሉ። ውሻው ሥጋ እየጠገበ አጥንቱ ይሳሳል። ሁኔታው በቡችላ ላይ ሲደርስ እግር ይጎብጣል፣ መራመድ ሕመም ይሆናል፣ በቀላል ዝላይ አጥንት ይሰበራል። በአዋቂ ውሻ ላይ ጉዳቱ በዝግታ ስለሚመጣ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሥጋን በነጭ ሩዝ ማብዛትም ችግሩን አያቃልለውም፤ በሩዝ ውስጥ ያለው ካልሲየም እጅግ ጥቂት ነውና።

የቀኑ ድርሻ በምን ይለካል?

በጥሬ ምግብ አቅራቢዎች ዘንድ የተለመደው መነሻ፣ አዋቂ ውሻ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ምግብ ያገኛል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ክብደት ሲባል ውሻው ሊኖረው የሚገባው ጤናማ ክብደት ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን፣ ነገር ግን 20 ኪሎ ሊሆን የሚገባው ወፍራም ውሻ ድርሻው የሚሰላው በ20 ኪሎ ነው። በዚህ ስሌት 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 2.5 በመቶ ማለት በቀን 500 ግራም ነው።

ይህ ቀመር ቀላል ቢሆንም ጉድለት አለው፤ ሥጋ ሁሉ አንድ ዓይነት ኃይል አይሰጥም። 100 ግራም ስቡ የተነሣለት ቀይ የበሬ ሥጋ 140 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ስባም የተፈጨ የበግ ሥጋ 280 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በሚዛን ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ሳህኖች በኃይል አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት የእንስሳት ሐኪሞች በኃይል ፍላጎት ላይ የተመሠረተ ስሌት ይጠቀማሉ። ስሌቱን በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ባለው የሂሳብ ማሽን መሥራት ይቻላል። የውሻው ክብደት በራሱ ሦስት ጊዜ ይባዛል፤ ማለትም 20 በ20፣ ውጤቱም እንደገና በ20 ሲባዛ 8,000 ይሆናል። የዚህ ቁጥር ካሬ ሥር ሁለት ጊዜ በተከታታይ ይወጣል፤ መጀመሪያ 89.4፣ ቀጥሎ 9.46 ይገኛል። ይህ በ70 ሲባዛ 662 ካሎሪ ይሆናል። ይህም ውሻው ያለ እንቅስቃሴ በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። የማምከን ቀዶ ጥገና ለተደረገለትና መጠነኛ እንቅስቃሴ ለሚያደርግ አዋቂ ውሻ ውጤቱ በ1.6 ይባዛል፤ 1,060 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ብዙ ለሚተኛና በቀላሉ ለሚወፍር ውሻ በ1.4 ቢባዛ ይሻላል፤ ይህም 930 ካሎሪ ያህል ነው።

ልዩነቱ ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ትርጉም አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። በክረምቱ ቅዝቃዜ ጠዋትና ማታ ሲሮጥ የነበረው ውሻ በበጋው ሙቀት ያንኑ ድርሻ ከበላ ይወፍራል። ስለሆነም ድርሻው እንደ ወቅቱ ሊስተካከል ይገባል።

ከስሌቱ በኋላ የመጨረሻው ዳኛ የውሻው አካል ነው። ጎኑ በእጅ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቶቹ በስሱ የስብ ሽፋን ሥር ሊታወቁ፣ ከላይ ሲታይም ወገቡ ሊለይ ይገባል። በአካባቢው የታወቀው ሳሉኪ የተባለው አዳኝ ውሻ በተፈጥሮው ቀጭን በመሆኑ አንዳንድ አጥንቶቹ ቢታዩ ተርቧል ማለት አይደለም። ክብደቱን በየሁለት ሳምንቱ መመዝገብ ጠቃሚ ነው። ለትንሽ ውሻ ሰው ውሻውን አቅፎ በሚዛን ላይ ከቆመ በኋላ የራሱን ክብደት መቀነስ ይችላል።

የ500 ግራሙ ሳህን ከምን ከምን ይውጣጣል?

በስፋት የሚሠራበት ቀመር 80፣ 10፣ 10 ይባላል። ከጠቅላላው 80 በመቶ ሥጋ፣ 10 በመቶ የሚበላ ጥሬ አጥንት፣ 10 በመቶ ደግሞ የውስጥ አካል ነው። የመጨረሻው 10 በመቶ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ጉበት፣ ግማሹ ኩላሊት ወይም ጣፊያ ይሆናል። ለ20 ኪሎ ውሻ ይህ ማለት 400 ግራም ሥጋ፣ 50 ግራም አጥንት፣ 25 ግራም ጉበትና 25 ግራም ኩላሊት ነው።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው በአጥንቱ ላይ ነው። 50 ግራም አጥንት ማለት 50 ግራም የዶሮ አንገት ማለት አይደለም። ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ አንገት ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ በጥቂቱ የሚበልጠው ብቻ አጥንት ነው፤ የቀረው ሥጋ ነው። ስለዚህ 50 ግራም አጥንት ለማግኘት 140 ግራም ያህል የዶሮ አንገት ያስፈልጋል። ከእሱ ጋር የመጣው 90 ግራም ሥጋ ከ400 ግራሙ ላይ ይቀነስና የሚጨመረው ሥጋ 310 ግራም ይሆናል። የቀኑ ሳህን እንግዲህ 310 ግራም ሥጋ፣ 140 ግራም የዶሮ አንገት፣ 25 ግራም ጉበትና 25 ግራም ኩላሊት ነው። ይህም ለሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ ይቀርባል።

310 ግራሙ ሥጋ ስብ አልባ የበሬ ሥጋ ከሆነ ሳህኑ በጠቅላላው ወደ 700 ካሎሪ ይሰጣል፤ ስባም የበግ ሥጋ ከሆነ ግን ከ1,100 ካሎሪ በላይ ይሆናል። የመጀመሪያው ከ1,060 ካሎሪ ግቡ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን ሁለተኛው በጥቂቱ ይበልጣል። መካከለኛ ስብ ያለው ሥጋ መምረጥ ወይም ሁለቱን ማቀላቀል ወደ ግቡ ያቀርባል።

ጉበት ገንቢ ነው፤ ሲበዛ ግን መርዝ ይሆናል። 25 ግራም የበሬ ጉበት 4,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ያህል ቫይታሚን ኤ ስለሚሰጥ የውሻውን ዝቅተኛ የቀን ፍላጎት ሦስት እጥፍ ያህል ይሸፍናል። ዋጋው ርካሽ ነው በሚል ሳህኑን በጉበት መሙላት ቫይታሚኑ በሰውነት እንዲከማች ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለም አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል።

በሥጋ ቤት የሚያገለግሉ ስሞች

ሸመታው የሚከናወነው በዐረብኛ በመሆኑ ስሞቹን ለይቶ ማወቅ ስሕተትን ይቀንሳል። ሥጋ «ለሕም»፣ የተፈጨ ሥጋ «ለሕም መፍሩም»፣ ስብ የሌለው «ቢዱን ዱሁን» ይባላል። ጉበት «ከብዳ»፣ ኩላሊት «ከላዊ»፣ ጣፊያ «ጢሓል»፣ ልብ «ቀልብ»፣ አጥንት «ዓዝም» ነው። የዶሮ አንገት «ሪቃብ ደጃጅ»፣ የዶሮ ጨጓራ ደግሞ «ቀዋንስ» ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ባለ ሥጋ ቤቱ ልብንና የዶሮ ጨጓራን ከጉበትና ከኩላሊት ጋር በአንድ ረድፍ ቢያስቀምጣቸውም፣ በድርሻ ስሌት ውስጥ ሁለቱም የሚቆጠሩት እንደ ሥጋ ነው። ሥራቸው የጡንቻ ነውና። «የሆድ ዕቃ ጨምሪ» የተባለች ሠራተኛ ልብ ብቻ ገዝታ ብትመለስ ሳህኑ ያለ ጉበት ይቀራል።

ለአንድ ሳምንት የሚበቃው የ20 ኪሎ ውሻ ሸመታ 2.2 ኪሎ ያህል ሥጋ፣ 1 ኪሎ ያህል የዶሮ አንገት፣ 175 ግራም ጉበትና 175 ግራም ኩላሊት ነው። በአንድ ቀን ተመዝኖና በሰባት ዕቃ ተከፋፍሎ ከቀዘቀዘ የየዕለቱ ሥራ ይቀልላል፤ ስሕተትም ይቀንሳል።

ቀመሩ የማይሸፍነው

80፣ 10፣ 10 የተባለው ቀመር መነሻ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። በዚህ ቀመር ብቻ የሚዘጋጅ ምግብ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲ እና ቫይታሚን ኢ ሊጎድለው ይችላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በውኃ የታሸገ፣ ጨው ያልበዛበት ሰርዲን መጨመር ለቫይታሚን ዲ እና ለኦሜጋ 3 ስብ ይረዳል። የታሸገው ሰርዲን ከጥሬው የሚመረጥበት ምክንያት አለ፤ አንዳንድ ጥሬ ዓሣዎች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ስላላቸውና ሙቀት ይህን ንጥረ ነገር ስለሚያጠፋው ነው። በእንፋሎት በስሎ የተፈጨ ዱባ፣ ካሮት ወይም ቆስጣ ጥቂት መጨመር ለአንጀት ይበጃል።

ሌሎቹን ጉድለቶች በምግብ ብቻ ማሟላት ከባድ ስለሆነ፣ ለቤት ውስጥ ምግብ ተብሎ የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ መጨመር የተሻለ ነው። የሰው ቫይታሚን ኪኒን ለውሻ መስጠት ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ቡችላ ልዩ ጉዳይ ነው። ለክብደቱ ሲነጻጸር ከአዋቂ ውሻ እጅግ የበለጠ ምግብና ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን በተለይ ትልቅ ዝርያ ያለው ቡችላ ካልሲየም ሲበዛበትም አጥንቱ በትክክል አያድግም። ስለዚህ የቡችላ፣ የነፍሰ ጡርና የምታጠባ ውሻ፣ እንዲሁም የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የቆሽት ሕመም ያለበት ውሻ ድርሻ ከላይ በተገለጸው ስሌት ሊሠራ አይገባም። ለእነዚህ የእንስሳት ሐኪም ወይም የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ ሊያዘጋጅላቸው ይገባል።

በዓይን የማይታየው አደጋ

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባካሄደው ጥናት ለገበያ የቀረቡ 196 የጥሬ የቤት እንስሳት ምግብ ናሙናዎችን መርምሯል። ከእነዚህ በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ደግሞ ሊስቴሪያ የተባሉ ተሕዋስያን ተገኝተዋል። ሳልሞኔላ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት ያስከትላል፤ ሊስቴሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲደርስ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ውሻው ራሱ ምንም ሳይታመም ተሕዋስያኑን በዓይነ ምድሩና በምራቁ ሊያስተላልፍ መቻሉ ነገሩን ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአውስትራሊያ ሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናትም ጥሬ ዶሮ፣ በተለይም የዶሮ አንገት፣ መመገብ በውሾች ላይ ከሚታይ የእግር መዛል በሽታ ጋር ተያያዥነት እንዳለው አመልክቷል።

ማቀዝቀዝ እነዚህን ተሕዋስያን አይገድልም። ቅዝቃዜ እድገታቸውን ያቆማል እንጂ በረዶው ሲቀልጥ ተመልሰው ይራባሉ።

ሌላው አደጋ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የኮሶ ወገን የሆነና እጅግ ትንሽ፣ ርዝመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለካ አንድ ትል በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ ያዘሉ ከረጢቶች ይሠራል። ውሻ ይህን ጥሬ ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ሰው በእጁ ወይም ባልታጠበ አትክልት አማካይነት እንቁላሉን ሲውጥ፣ ከረጢቱ በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። በሽታው በምሥራቅ አፍሪካም በመካከለኛው ምሥራቅም ይገኛል።

በዚህ ምክንያት በዒድ አል አድሐ ወይም በሌላ በዓል በቤት የታረደ በግ የሆድ ዕቃ በምርመራ ሳያልፍ ጥሬውን ለውሻ ሊጣል አይገባም። ጉበትና ኩላሊት ቁጥጥር ካለበት ሥጋ ቤት መገዛት አለባቸው፤ ከረጢት የታየበት ጉበት ይወገዳል። ውሻው ፕራዚኳንቴል በተባለው የትል መድኃኒት በሐኪም በተወሰነ ጊዜ መታከም ይኖርበታል።

በሙቀት አገር ጥሬ ሥጋን መያዝ

የምግብ ደኅንነት መመሪያዎች ጥሬ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይከለክላሉ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ገደቡ ወደ 1 ሰዓት ዝቅ ይላል። በበጋ ከገበያ እስከ ቤት ያለው መንገድ ራሱ የዚህን ጊዜ ከፊል ይወስዳል፤ ስለዚህ ሥጋ መጨረሻ ተገዝቶ በረዶ ባለው ቦርሳ መጓጓዝ ይኖርበታል።

የፍሪዘሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ የፍሪጁ ደግሞ ከ4 ዲግሪ ያልበለጠ መሆን አለበት። የቀዘቀዘው ድርሻ ከአንድ ቀን በፊት ወጥቶ በፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ይቀልጣል። ከታች የሚቀመጠው ደሙ በሰው ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። በመታጠቢያ ገንዳ ወይም በጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ ተገቢ አይደለም። ጥሬ ዶሮን በቧንቧ ውኃ ማጠብም ጀርሙን በወጥ ቤቱ ሁሉ ይረጨዋል እንጂ አያጠፋውም።

ለውሻው ምግብ የራሱ ቢላዋ፣ መክተፊያና ሳህን ሊኖረው ይገባል። በሃይማኖታዊ ሥርዓት ምክንያት የውሻን ዕቃ ለይተው በሚያስቀምጡ ቤቶች ይህ ቀድሞም የታወቀ ነው። ከሥራ በኋላ ዕቃዎቹ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ቀጥሎም በ4 ሊትር ያህል ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተበጥብጦ ይለቀለቃሉ። እጅ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታጠባል። ጓንት መልበስ የእጅ መታጠብን አይተካም። ሳህኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሣል፤ የተረፈውም ይጣላል። ውሻው እንደበላ የሕፃናትን ፊት እንዲልስ አይፈቀድለትም።

ያንኑ ድርሻ አብስሎ መስጠትም ይቻላል

በቤቱ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ጥሬ ምግብ አይመከርም። ምግቡን የምታዘጋጀው ሠራተኛ ራሷ ነፍሰ ጡር ከሆነችም እንዲሁ ነው። ይህ ማለት በቤት የሚዘጋጅ ምግብ ይቅር ማለት አይደለም። የድርሻው ሚዛን በማብሰል አይጠፋም።

ልዩነቱ አጥንቱ ላይ ነው። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮንና አንጀትን ሊወጋ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። በእሱ ምትክ የእንቁላል ቅርፊት ያገለግላል። ቅርፊቱ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጫል። አንድ ግራም ቅርፊት 380 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። በምሳሌው ለተጠቀሰው ውሻ 450 ግራም አጥንት አልባ ሥጋ፣ 25 ግራም ጉበትና 25 ግራም ኩላሊት በውኃ ተቀቅሎ፣ 3.5 ግራም የቅርፊት ዱቄት ቢጨመርበት የቀኑ ካልሲየም 1.3 ግራም ያህል ይሆናል። ይህም የሻይ ማንኪያ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሥጋው በጥሬው ተመዝኖ ይቀቀላል፤ ሾርባውም አይደፋም፤ ከምግቡ ጋር ይቀርባል። ጨው፣ በርበሬና ቅመም አይገባበትም።

ከሳህኑ የሚከለከሉ

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ስለዚህ ከወጥ የተረፈ ሥጋ፣ ሽንኩርቱ ባይታይም፣ ለውሻ አይሆንም፤ ከዶሮ ወጥ የወጣ አጥንትማ በሁለት በኩል አደጋ ነው። ወይንና ዘቢብ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ቸኮሌት፣ እንዲሁም በአንዳንድ ስኳር አልባ ማስቲካዎች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል ሕይወት ሊያጠፉ ይችላሉ። በየቤቱ የማይጠፋው ተምር በራሱ መርዝ ባይሆንም ፍሬው አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል ፍሬው ሳይወጣ አይሰጥም።

ከደረቅ ምግብ ወደ አዲሱ የሚደረገው ሽግግር ከ7 እስከ 10 ቀናት ወስዶ ቀስ በቀስ መከናወን አለበት። ነጭና ፍርፍር የሚል ዓይነ ምድር፣ ወይም በምጥ የሚወጣ፣ አጥንት መብዛቱን ያመለክታል። ጥቁርና የለሰለሰ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉበቱ በዝቷል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ማንከስ ወይም የኋላ እግር መዛል ከታየ ድርሻን ማስተካከል አይበቃም፤ በዚያው ዕለት የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የተጻፈ ድርሻ

የዚህ ሁሉ ማጠቃለያ ቀላል ነው። ባለቤቱ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር የወሰነው ድርሻ በግራም ተጽፎ በፍሪጁ በር ላይ ሊለጠፍ ይገባል፤ የውሻው ጤናማ ክብደት፣ የሥጋው፣ የአጥንቱ፣ የጉበቱና የኩላሊቱ መጠን፣ የተጨማሪ ማዕድኑ ልክ፣ የሐኪሙም ስልክ ቁጥር አብሮ ይጻፋል። በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛንም አብሮት ሊኖር ይገባል። መመሪያው በቃል ብቻ የተሰጣት ሠራተኛ በጽሑፍ እንዲሰጣት መጠየቅ ትችላለች፤ ጥያቄው ለሥራዋ ያላትን ጥንቃቄ ያሳያል። ውሻው ቢታመም ምን እንደበላ በትክክል መናገር የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው።